ኮከቡን ተዉት፣ የሞከራችሁትን ንገሩን፦ የሰው ፕሮምፕት ላይ የሚረባ አስተያየት አሰጣጥ

ደብረ ማርቆስ ላይ ጥቂት መምህራንና ወዳጆች ሆነን ፕሮምፕት እንለዋወጣለን። ፕሮምፕት ማለት ለቻትጂፒቲ፣ ለጀሚናይ ወይም ለክሎድ፣ ለእነዚህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት (AI) መሣሪያዎች፣ ጻፍልኝ፣ አስላልኝ፣ አስረዳኝ እያልን የምንሰጠው ትእዛዝ ነው። አንዱ ጥሩ ነገር ሲያገኝ ለሌሎቹ ይልካል። ሌሎቹ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጡና አስተያየት ይጽፋሉ። አስተያየት ስላችሁ ያው "አሪፍ ነው"፣ "ይመችህ"፣ ሲበዛ ደግሞ የጭብጨባ ምልክት።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ቀን ጓደኛዬ ማመልከቻ የሚያጽፍ ፕሮምፕት ላከ። ሳልሞክረው አምስት ኮከብ ሰጠሁት። የላከው ልጅ ወዳጄ ነው፣ ጽሑፉም ረጅምና የተደከመበት ይመስላል፣ ምን ልበል? ከመሃላችን በዕድሜ የሚበልጡን አንድ መምህር አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። እሳቸው የእኔን ኮከብ አምነው ፕሮምፕቱን ተጠቀሙበት፣ የወጣውን ደብዳቤ አሳተሙና አንድ መሥሪያ ቤት ይዘውት ሄዱ። ደብዳቤው "ውድ ጌታዬ ወይም እመቤቴ" ብሎ ይጀምራል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። "ጉዳዩ፦" የሚል መስመር የለውም፣ ለየትኛው ጽሕፈት ቤት እንደተጻፈም አይናገርም። ተቀባዩዋ አንብባ ሳቀች። ጋሼ ተመልሰው መጡና "ወንድም ዓለም፣ ለመሆኑ አንተ ይሄን ነገር ሞክረኸዋል?" አሉኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፕሮምፕት ላይ ኮከብ ከማስቀመጤ በፊት የማደርገውን ነው የምነግራችሁ። ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው።

መጀመሪያ፦ ቃሉን ሳትነኩ፣ በአዲስ ውይይት

ፕሮምፕቱን እንዳለ ቅዱና ለጥፉ። አንዲት ቃል አታስተካክሉ። "ይቺን እዚህ ጋ ብጨምርባት" የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣባችኋል፣ ግን ጠብቁ። ከነካካችሁት በኋላ የምትመዝኑት የእሱን ሳይሆን የራሳችሁን ነው።

አዲስ ውይይት መክፈት ደግሞ ግዴታ ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በዚያው ውይይት ላይ ከፍ ብላችሁ ያወራችሁትን ሁሉ ይዘው ነው የሚመልሱት። ጠዋት ስለ 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ስትጠይቁ ውላችሁ፣ እዚያው ላይ የሰው ፕሮምፕት ብትለጥፉ፣ ጸሐፊው ያልጻፈውን "የ8ኛ ክፍል" እናንተ ሞላችሁለት ማለት ነው። መልሱ ያምራል፣ ኮከቡ ይዘንባል፣ ሌላው ሰው ከዜሮ ሲጀምር ግን እንደዚያ አይወጣለትም። አንዳንዶቹ መሣሪያዎች ከድሮ ውይይታችሁም የሚያስታውሱት ነገር አለ። ቻትጂፒቲ ላይ ጊዜያዊ ውይይት የሚባል አማራጭ አለ፣ ለእንዲህ ያለው ሙከራ እሱ ይሻላል።

ፕሮምፕቱ ውስጥ የሚሞሉ ክፍት ቦታዎች ካሉ ደግሞ ልብ በሉ። ምን እንደሚሞላ ግራ ከገባችሁ፣ ገና መልስ ሳታዩ የመጀመሪያውን አስተያየታችሁን አግኝታችኋል። ጻፉት። "ደረጃ የሚለው ቦታ ላይ የክፍል ደረጃ ይሁን የክብደት ደረጃ አልገባኝም" የሚል አንድ መስመር ለጸሐፊው ከአምስት ኮከብ በላይ ይጠቅመዋል።

ሁለተኛ፦ አንድ ጊዜ ሞክሮ መፍረድ የለም

አንድ ፕሮምፕት ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት ሁለት የተለያየ መልስ ይመጣል። ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ቀጣዩን ቃል ሲመርጥ በተወሰነ ደረጃ ዕጣ እንደ መጣል ያለ ነገር አለበት። ስለዚህ አንዴ ጥሩ መውጣቱ ዕድል ሊሆን ይችላል፣ አንዴ መጥፎ መውጣቱም እንደዚያው። እኔ ቢያንስ ሦስት ጊዜ እሞክራለሁ፣ ሦስቱንም በተለያየ ነገር።

አንደኛው ጸሐፊው ራሱ ያሰበው ቀላል ጉዳይ ነው። ሁለተኛው የራሴ እውነተኛ ጉዳይ ነው፣ ዛሬ የምፈልገው። ሦስተኛው ሆን ብዬ ያበላሸሁት ነው፦ ግማሽ መረጃ እሰጠዋለሁ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እቀላቅላለሁ፣ ፊደል እሳሳታለሁ። ሰው ስልኩ ላይ ቸኩሎ ሲጽፍ እንደዚያ ነዋ የሚጽፈው። ጥሩ ፕሮምፕት መረጃ ሲጎድለው መልሶ ይጠይቃል። መጥፎው ከራሱ ፈጥሮ ይሞላል፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ከሦስቱ አንዱ ግን መልሱን አስቀድማችሁ የምታውቁት ይሁን። ይሄ የሁሉም ቁልፍ ነው። የማታውቁትን ጠይቃችሁ የሚመጣው መልስ ሁሌም ያምራል፣ ምክንያቱም አማርኛው ያምራል።

ለምሳሌ ቀን የሚቀይር ፕሮምፕት ከሆነ መስከረም 1 ቀን 2016ን ስጡት። በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 2023 ነው። የ2015 ጳጉሜ 6 ቀን እንደነበራት ከዘነጋ ሴፕቴምበር 11 ብሎ ሊስት ይችላል። የሰዓት ከሆነ "ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስብሰባ" በሉት፣ በፈረንጅ 9 ሰዓት መሆኑን ያውቃል ወይስ እንዳለ 3 ሰዓት ብሎ ሌሊት ስብሰባ ይጠራችኋል?

ወደ ቡሬ በኩል የሚሠራ ወዳጃችን የላከው ደግሞ የግብርና ምክር የሚሰጥ ፕሮምፕት ነበር። እኔ በበቆሎ ሞከርኩት። በመስመር ሲዘራ ከመስመር መስመር 75፣ ከተክል ተክል 30 ሳንቲ ሜትር ካላችሁ፣ በሄክታር 44,444 ተክል ገደማ ነው። በእኛ አገር አራት ጥማድን እንደ አንድ ሄክታር ስለምንይዝ፣ ለአንድ ጥማድ 11,111 ገደማ መሆን አለበት። ሒሳቡን ቀድሜ በወረቀት ሠርቼ ነው የጠየቅሁት። "ሁለት ጥማድ አለኝ፣ በቆሎ ልዘራ ነው" አልኩት። ምን ቢመልስልኝ ጥሩ ነው? ስለ አራት በሬዎቼ አመጋገብ አስተማረኝ! ጥማድ የመሬት ስፋትም የተጠመደ በሬም መሆኑ የሚገባው አይነት አልነበረም። ሳቅሁ፣ ግን ይቺ ሳቅ ነች ቀጥሎ ያለውን ያስተማረችኝ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ስትሞክሩ የሰው ስም፣ ስልክ፣ የተማሪ ውጤት፣ የመታወቂያ ቁጥር አትስጡት። የፈጠራ ስም በቂ ነው።

ሦስተኛ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

አብዛኛው መጥፎ አስተያየት እዚህ ላይ ነው የሚበላሸው። መልሱ ሲበላሽ ሰው ወዲያው ፕሮምፕቱን ይረግማል። ጥፋተኛ ሊሆኑ የሚችሉት ግን ሦስት ናቸው፦ ፕሮምፕቱ፣ መሣሪያው፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ።

የጥማዷን ነገር እንውሰድ። መጀመሪያ ራሴን ጠየቅሁ፣ "ሁለት ጥማድ መሬት" ብዬ ነበር እንዴ? አላልኩም። ስለዚህ ከፊሉ ጥፋት የእኔ ነው። "መሬት" ብዬ ጨምሬ እንደገና ሞከርኩ፣ በሬዎቹ ጠፉ። ግን ስሌቱ አሁንም ተሳሳተ፣ አንድ ጥማድን እንደ አንድ ሄክታር ቆጠረው። ያኔ ፕሮምፕቱ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "ጥማድ ሲባል የመሬት ስፋት ነው፣ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ነው፣ ግልጽ ካልሆነ ከማስላትህ በፊት ጠይቀኝ።" ስሌቱ ተስተካከለ። አንድ መስመር በመጨመር የሚድን ከሆነ ጉድለቱ የፕሮምፕቱ ነው፣ ጸሐፊውም ማወቅ ያለበት ያቺን መስመር ነው።

ጨምራችሁ ጨምራችሁ ካልዳነስ? ያው ፕሮምፕት ሌላ መሣሪያ ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ችግሩ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። የትም ካልሠራ ደግሞ ሥራው ራሱ ገና ለእነዚህ ነገሮች የሚከብድ ሊሆን ይችላል። የቅኔ ነገር አንዱ ነው። አንድ ልጅ ጉባኤ ቃና፣ ያቺን አጭሯን የግዕዝ ቅኔ፣ የሚጽፍ ፕሮምፕት ሠርቶ ላከልን። ጎጃም ተቀምጠህ፣ ያውም እንደ ዋሸራና ጎንጅ ያሉ ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር፣ ይሄን መላክ ድፍረት ነው። ያም ሆኖ ፕሮምፕቱ ጥሩ ተጽፏል፣ ሁለት ቤት መሆኑን፣ ሰሙንና ወርቁን ሁሉ በደንብ አብራርቷል። የወጣው ግን ግዕዝ የሚመስል ግዕዝ ነው፣ ቤት አይመታም፣ ወርቁም የለም። ሁለት መሣሪያ ላይ ሞከርነው፣ ያው ነው። እንዲህ ያለውን አንድ ኮከብ ሰጥቶ ልጁን ማሸማቀቅ ግፍ ነው። "ፕሮምፕቱ ግልጽ ነው፣ መሣሪያዎቹ ግን ግዕዙን አልቻሉትም፣ ቅኔ ለማስተማር አትጠቀሙበት" ብላችሁ ጻፉ። ለልጁም ለተጠቃሚውም የሚሆን እውነት ይሄ ነው።

ሌላም የመሣሪያ ጣጣ አለ። የአማርኛ ጽሑፍ ለእነዚህ ነገሮች ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው ይበልጥ በትንንሹ እየተቆራረጠ ነው የሚገባው። ስለዚህ ረጅም የአማርኛ መልስ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል፣ በነጻ የሚሰጠው ገደብም ቶሎ ያልቃል። መልሱ ተቆርጦ ከቀረ "አልጨረሰም" ብቻ አትበሉ። የት ላይ እንደቆመ፣ "ቀጥል" ስትሉት መቀጠሉን ጻፉ። የዳታው ዋጋ በታወቀበት አገር ይሄ ትልቅ መረጃ ነው።

አራተኛ፦ አሁን ኮከቡ

እኔ የምጠቀምበትን ልንገራችሁ፣ ካልተስማማችሁ የራሳችሁን አውጡ፣ ግን አንዴ ካወጣችሁ አትለዋውጡት። አምስት የምሰጠው ሦስቱንም ሙከራ ሳልነካው ካለፈና ነገም ራሴ የምጠቀምበት ከሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ አምስት ስሰጥ እምብዛም አልታይም፣ ንፉግ እባላለሁ። አራት ማለት ሠርቷል፣ ትንሽ የእጅ ማስተካከያ ፈልጓል ማለት ነው። ሦስት፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አንድ ሁለት መስመር ካልተጨመረበት ግን አይሠራም። ሁለት ማለት ከባዶ ብጽፈው ይፈጥንልኝ ነበር። አንድ የሚገባው ጉዳት ለሚያደርስ ነው።

የመጨረሻዋን ላብራራ። የፀረ አረም መጠን ወይም የመድኃኒት አወሳሰድ በድፍረት ተሳስቶ የሚነግር ፕሮምፕት፣ አማርኛው እንደ ማር ቢጣፍጥም፣ ሠንጠረዡ ቢያምርም፣ አንድ ነው። እዚህ ላይ ማማሩ ጭራሽ ጥፋቱን ያባብሰዋል፣ ሰው ያምነዋላ። በተቃራኒው፣ መልኩ የተዝረከረከ ግን "ይህን የጤና ባለሙያ ጠይቅ" ብሎ የሚያቆም ፕሮምፕት ከእኔ ጥሩ ኮከብ ያገኛል።

ደግሞ ፕሮምፕቱን ቃል በገባው ነገር ብቻ መዝኑት። የትምህርት ዕቅድ አወጣለሁ ያለውን ፈተና አላወጣልኝም ብላችሁ ኮከብ አትቀንሱበት። ይሄ በጣም የተለመደ ነው፣ እኔም አድርጌዋለሁ።

አምስተኛ፦ አስተያየቱን ስትጽፉ

ኮከብ ብቻውን ዲዳ ነው። ሦስት ኮከብ ያየ ጸሐፊ ምን ያስተካክል? ስለዚህ አራት ነገር ይኑረው፦ በምን መሣሪያና መቼ እንደሞከራችሁ፣ ምን እንደሰጣችሁት፣ ምን እንደወጣ፣ ምን ቢቀየር እንደሚሻል። በቅደም ተከተል መሆን የለበትም፣ ረጅም መሆንም የለበትም።

መጥፎውን እንይ፦ "ጥሩ ነው ግን ትንሽ ይቀረዋል።" ምኑ ነው የቀረው? በዚህ አስተያየት ማንም ምንም ማድረግ አይችልም።

የሚረባው ደግሞ እንዲህ ነው፣ አንድ የትምህርት ዕቅድ የሚያወጣ ፕሮምፕት ላይ የጻፍኩት፦

"3 ኮከብ። ቻትጂፒቲ ላይ፣ በነጻው፣ ዛሬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት። የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ፣ ስለ ብርሃን። ዓላማዎቹን በደንብ አውጥቷል፣ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎችም ለልጆቹ የሚመጥኑ ናቸው። ግን ሦስቱንም ጊዜ የ60 ደቂቃ ዕቅድ አወጣ፣ ክፍለ ጊዜያችን 40 ነው። ሁለቴ ፕሮጀክተር አዘዘ። 'ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ያለው ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ነው፣ ተማሪዎቹ 60 ናቸው' የምትል መስመር ስጨምርበት በደንብ ሠራ። እሷን ብትጨምራት አራት እሰጥሃለሁ።"

ልጁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስተካክሎ መልሶ ላከው። እኔም አራት አደረግሁለት። ቃሌን ነዋ።

ልብ በሉ፣ ጥሩ የሆነውንም በስም ጠቅሻለሁ። ለማስደሰት ብዬ አይደለም። ጸሐፊው ሲያስተካክል የሚሠራውን ክፍል አብሮ እንዳያጠፋው ነው። ብዙ ጊዜ ሰው "አልሠራም" ሲባል ሙሉውን ይንደዋል፣ ቀጣዩ ቅጂ ከፊተኛው ብሶ ያርፈዋል።

የወጣውን መልስ ስትጠቅሱ የተሳሳተችዋን ዓረፍተ ነገር ቆርጣችሁ አምጧት፣ ሙሉውን ሁለት ገጽ አትለጥፉ። "አማርኛው ይሸክካል" ከማለት "'በቀኑ መጨረሻ ላይ ወሳኙ ነገር' ይላል፣ ማንም እንደዚህ አያወራም" ማለት ይበልጣል።

ስድስተኛ፦ ይሉኝታ

እውነቱን እናውራ። ከላይ ያለውን ሁሉ የሚያበላሸው እውቀት ማነስ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ፊት ለፊት እየተያየን፣ ነገ ሻይ አብረን እየጠጣን፣ ሁለት ኮከብ እንዴት ይሰጣል? ስለዚህ ሁሉም አምስት ይሆናል፣ ሁሉም አምስት ከሆነ ደግሞ ማንም ከማንም አይለይም።

ግን እኮ እኛ አገር እርማት አዲስ ነገር አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም ሲያዘጋጅ፣ ውሎ ለየኔታ ሲነግር፣ የኔታ "ጎበዝ" ብለው አይሸኙትም። ቃሉ የት እንደተሰበረ፣ ቤቱ የት እንደሳተ፣ ምስጢሩ የት እንደላላ ይነግሩታል። ተማሪው አልቅሶ አይቀርም፣ ተመልሶ ይቆጥራል። የኔታ የሚያርሙት ቅኔውን ነው፣ ልጁን አይደለም። እኔ አስተያየት ስጽፍ "አንተ" የምትለዋን አውጥቼ "ፕሮምፕቱ" ወይም "ሦስተኛው መስመር" እያልኩ እጽፋለሁ። "አላሰብክበትም" ከማለት "ሦስተኛው መስመር ሰዓቱን አይናገርም" ስል ማንም አይቀየመኝም፣ እስካሁን ቢያንስ።

ለትልቅ ሰው ከሆነ፣ ለብቻ መልእክት መላክ ነውር የለውም። "ጋሼ፣ ፕሮምፕትዎን ሞክሬው ነበር፣ ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚያወጣው፣ ይቺን መስመር ቢጨምሩባት" ብዬ ለእሳቸው ብቻ እጽፋለሁ። ሲያስተካክሉት ኮከቡን ለሁሉም አሳያለሁ። ካላስተካከሉት ግን ያየሁትን በትህትና ለሁሉም እጽፋለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ሌላ ሰው ደብዳቤ ይዞ ቢሮ ይሄዳል።

የራሳችሁን የተሻሻለ ቅጂ ከላካችሁ ደግሞ የማን እንደነበረ ጥቀሱ። ሁለት መስመር ጨምሮ "የእኔ ፕሮምፕት" ማለት አለ፣ እባካችሁ።

ከዚያ በኋላ

አስተያየታችሁ ያረጃል። መሣሪያዎቹ በየጊዜው ይቀየራሉ፣ ዛሬ ያልሠራው ከሦስት ወር በኋላ ሊሠራ ይችላል፣ የሠራውም ሊበላሽ ይችላል። ለዚህ ነው ቀን ጻፉ ያልኩት። እኔ ብዙ ሰው የሚጠቀምባቸውን አንድ አምስት ፕሮምፕቶች በየጊዜው ተመልሼ እሞክራለሁ፣ ከተለወጠ ኮከቡን እለውጣለሁ። የቀሩትን፣ እውነት ለመናገር፣ እረሳቸዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን እኔ ራሴ አንድ ፕሮምፕት ላክሁ፣ ከምዕራፍ ላይ አጭር ፈተና የሚያወጣ። ኮራ ብዬ ነበር የላክሁት። ማታ ላይ ከጋሼ እንዲህ የሚል መጣ፦

"2 ኮከብ። ጀሚናይ ላይ ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ ዛሬ ማታ። አሥር ጥያቄ ብዬው አሥር አወጣ፣ ይሄ ጥሩ ነው። ሁለተኛው ሙከራ ላይ ከአሥሩ ሰባቱ መልሳቸው 'ለ' ነው፣ ልጆቹ ሳያጠኑ ያልፋሉ። ሦስተኛው ላይ ጥያቄ 4 ሁለት ትክክለኛ መልስ አለው። 'መልሶቹን በአራቱም ፊደላት አከፋፍል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ እንዳለው ለይተህ አሳይ' የሚል ጨምርበት። ወንድም ዓለም፣ ይሄን ከመላክህ በፊት ሞክረኸዋል?"